አራት አፍ ያለው ግንብ

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ቀድሞ ገባ። በኹርዳድ ወር መጀመሪያ አርባ ሁለት ነበር፤ በወሩ መጨረሻ አርባ ስድስት ሆነ። ከብርዱ ወቅት ወዲህ ዝናብ ሁለት ጊዜ ብቻ ጥሎ ነበር፤ ሁለቱም አቧራውን እንኳ አላጠፉትም። ከመሬት ሥር የሚመጣልን የቃናት ውሃ በሦስት ጣት ቀነሰ። መብራት በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ በየጣሪያው ላይ ያሉት በውሃ አየር የሚያበርዱ ማቀዝቀዣዎች ይቆማሉ፤ ቤቱም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ዳቦ ምድጃ ይግላል። ሁለት ሰው ሞተ። አንዷ የሸማኔው ሚስት ነበረች፤ ሌላው ጡረታ የወጣ አስተማሪ። ሦስት ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ወደ ቴህራን ሄደ።

በወሩ ሃያ ሦስተኛ ቀን ጎረቤቴ፣ ባለ ማሳው አርባብ ጎሽታስብ፣ በሮማን ዛፎቹ መካከል ወደቀ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ዓይኑን ገለጠና ቆቡ የት እንደወደቀ ጠየቀኝ። በማግስቱ ሴት ልጁ መርዋሪድ ከቴህራን ደወለች። ለውሃ በዓላችን ለቲር በዓል እመጣለሁ፣ ያን ቀን በቀትር ቤት ውስጥ መቀመጥ ካልተቻለ አባቴን ይዤው እሄዳለሁ አለች። ጨክና አይደለም፤ ፈርታ ነው። በዓሉ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር።

አርባብ መሄድ አልፈለገም። ‹‹እስዋ የምትኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው›› አለኝ። ‹‹እዚያ የቱን ዛፍ ላጠጣ?››

እኔ ግንበኛ ነኝ። ስሜ ዘቢሁላህ ነው፤ ለባለሙያ እንደሚባለው ሰው ኡስታ ዘቢህ ይለኛል። ለአርባብ ጎሽታስብ ዕዳ ነበረብኝ። ገንዘብ አይደለም። አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። አርባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰውየው ከሄደ ዕዳው የማይከፈል ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ መንደር በኩሽክአባድ፣ ነፋስን ከጣሪያ በላይ ይዞ ወደ ክፍል የሚያወርደው የነፋስ ግንብ አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው። አፉም ወደ ኢስፋሃን ያያል፤ ደጉ ነፋስ ከዚያ ነውና የሚመጣው። ከሌላው ወገን የሚመጣው የበረሃ አቧራ ነው። አባቴ እንዲያ ነበር የሚሠራው፤ አያቴም። እኔ ግን ያዝድ ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። በከተማ የሀብታም ግንብ አራት አፍ አለው፤ ስምንት ያለውም አለ። አርባብ ጎሽታስብ ግንብ ሥራልኝ ሲለኝ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የኔን የሚያህል እጅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራው እኩሌታ ሲደርስ አባቴ መጥቶ አየ። አፉ ወዴት ነው አለኝ። ወደ አራቱም ወገን ነው አልኩት። ‹‹ነፋሳችን ግን አንድ ነው›› አለና ተመልሶ ሄደ።

ግንቡ ከሩቅ ያምር ነበር። ከአርዳካን መንገድ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው በጋ ነፋሱ በኢስፋሃን በኩል ባለው አፍ ገባ፣ በማዶው አፍ ወጣ፤ ወደ ክፍሉ አልወረደም። የከተማ ግንብ ውስጡን እስከ ታች የሚከፍል ግድግዳ አለው። እኔ ያን ግድግዳ ከአፎቹ ሥር አንድ ክንድ ያህል ብቻ አውርጄ ተውኩት፤ ለአዲስ ዓመት ለማድረስ ቸኩዬ ነበር። የበረሃው ነፋስ ሲነሣ ደግሞ አቧራው ቀጥ ብሎ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል።

አርባብ ዋጋዬን አስቀድሞ ጨርሶ ከፍሎኝ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረኝም። በጋው ሲያልቅ ግንቡ ወደ ክፍሉ የሚከፈትበትን ቀዳዳ በሳንቃ ገጠመው፤ በቃ። እሱ የጥንቱን የዘርቱሽት እምነት የያዘ ነው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሁለታችን ቤት መካከል ግን አንድ አጥር ብቻ ነው ያለው። በየዓመቱ ሮማን ሲደርስ አንድ ሣጥን ይልክልኛል። አንድ ቀን መጥቼ አስተካክለዋለሁ እለው ነበር። ‹‹ምን አስቸኮለህ፣ ኡስታ›› ይለኛል። ከዚያ የመብራት ማቀዝቀዣ መጣ፤ ግንብ የሚፈልግ ሰው ጠፋ፤ እኔም ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አርባብ በወደቀ በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እጅዋ ላይ ደብተር አለ። ነስተረን እባላለሁ፣ ያዝድ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና እማራለሁ፣ የነፋስ ግንቦችን እየዞርኩ እለካለሁ አለች።

‹‹አራት አፍ ያለውን ግንብ የሠሩት እርስዎ ነዎት?››

‹‹ማን ነገረሽ?››

‹‹ዳቦ ጋጋሪው።››

‹‹እየሳቀ ነበር?››

‹‹እየሳቀ ነበር።››

‹‹እንግዲያው ቤቱን አልሳትሽም። ግቢ።››

አልሳቀችብኝም። ግንቡን እንዳሳያት ለመነችኝ። ከአርባብ ጣሪያ ላይ ወጥታ አፎቹን በሜትር ለካች፣ ውስጡን በባትሪ አየች፣ ከዚያ ታች ወርዳ ሳንቃውን አስነሣች። አርባ አንድ ዓመት የተጠራቀመ አቧራ በላያችን ላይ ወረደ። አርባብ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አስነጠሰው። ‹‹የመጀመሪያው ነፋስ ነው፤ እንኳን ደረሰ›› አለ።

ነስተረን የነገረችን ነገር ቀላል ነው፤ አያቶቻችንም በከፊል ያውቁት ነበር። ደረቅ ነፋስ በእርጥብ ነገር መካከል ሲያልፍ ውሃውን ይጠጣል፤ ሲጠጣ ሙቀቱን ይለቃል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ የከበደ ይወርዳል። ስለዚህ ግንቡን አናቱ ላይ ብናረጥበው ነፋስ ባይኖርም እንኳ ቅዝቃዜው በራሱ ክብደት ወደ ክፍሉ ይወርዳል። መብራት አይፈልግም። ጠዋት መብራት ሳይጠፋ በርሜሉን ጣሪያ ላይ መሙላት ብቻ ነው። ውጭው አርባ አምስት ከሆነ ሃያ ሰባት ድረስ ማውረድ ይቻላል አለች፤ አየሩ በጣም ደረቅ ነውና።

ሃያ ሰባት። ይህን ስትል ጉልበቴ ተነሣ ተነሣ አለኝ። ከወጣትነቴ ወዲህ ያልተሰማኝ ነው። መሰላሉን ወዲያው ማምጣት ፈለግሁ።

ሥራውን በማግስቱ ጀመርን። የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። ከበረሃው የግመል እሾህ በአህያ አስጭኜ አመጣሁ፤ ድሮ በመስኮት ላይ እየጎዘጎዙ ውሃ ይረጩበት ነበር። አራቱንም አፍ በእሾህ ሞላሁት። ነስተረን ሳሳ ይበል አለች። አይሆንም አልኳት። ግድግዳ ሲወፍር ቤት ይቀዘቅዛል፤ ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አውቃለሁ፤ እሾሁንም ክንድ ሙሉ አወፈርኩት። ለአራት ቀን ደከምን። ውሃ ለቀቅንበት። ነስተረን ቴርሞሜትሯን እሾሁ ውስጥ ከታ ሃያ አምስት ይላል አለች። እኔ ጣሪያው ላይ ቆሜ እጄን አሻሸሁ።

ወደ ታች ጮኽኩ፤ አርባብ ምን ተሰማዎት አልኩት። ድምፁ በግንቡ ውስጥ ወደ ላይ መጣ።

‹‹ኡስታ፣ ድምፅህ ደርሶኛል። ነፋሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።››

ወርጄ አየሁ። ክፍሉ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ አየሩም ታፍኗል። ግድግዳ ሠርቼ ነበር። እርጥብ ግድግዳ፤ ነፋስ የማያሳልፍ። ማታውን ሁሉንም አወጣሁት፤ እጄ በእሾህ ደማ። በዓሉ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

ነስተረን አልወቀሰችኝም። ነፋስ መንገድ ይፈልጋል ብቻ ነው ያለችው። ከሷ ጋር ቁጭ ብለን አሰብን። በመጨረሻ ከአርዳካን አቡጀዲ ገዝታ መጣች፤ ረጅም፣ ስንዝር ስፋት እየተደረገ የተቀደደ። አርባ ቁራጭ። ከግንቡ አናት ላይ ሁለት አግዳሚ እንጨት ሠራሁና ጨርቆቹን ቁልቁል አንጠለጠልናቸው፤ እንደ ልብስ ገመድ፣ ግን ወደ ታች አራት ሜትር። በላያቸው የተበሳሳ የላስቲክ ቱቦ ዘረጋን፤ ቱቦውን ከበርሜሉ ጋር አገናኘነው። ታች ከቀዳዳው ሥር ገንዳ አስቀመጥን፤ የተረፈው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል።

በመጀመሪያ ጨርቆቹን በአንድ ጣት ርቀት ሰቀልኳቸው። ሲርሱ እርስ በርስ ተጣበቁ። ከዚያ በሦስት ጣት። ከዚያ በአራት። በእያንዳንዱ ጊዜ ነስተረን ትለካለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ እኔ እወጣለሁ፣ እፈታለሁ፣ እንደገና እሰቅላለሁ። አራት ጣት ላይ ደርሰን ውሃውን ለቀቅን፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ የቱት ዛፍ ቅጠል አይነቃነቅም።

አርባብ ታች ተቀምጦ ለበዓሉ ሰባት ቀለም ክር እየፈተለ ነበር። ዘርቱሽቶቹ በቲር በዓል ይህን ክር እጃቸው ላይ ያስራሉ። ነስተረን አንድ ክር ለመነችውና ቀዳዳው አፍ ላይ አንጠለጠለችው። ሦስታችንም አየነው። ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዘነበለ። ትንሽ ነው፣ ግን ዘነበለ፤ ዘንበል እንዳለም ቆየ።

‹‹ማንም አልነፋበትም?›› አለ አርባብ።

‹‹እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ›› አልኩት።

እውነቴን ነበር። ነስተረን ቁጥሩን እየጠራች ጻፈች፤ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አንድ ተኩል። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። እኔ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፤ እንደገና ተነሣሁ። መቆሚያ አጣሁ። አርባብ እጁን ቀዳዳው ሥር ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ከቀትር በኋላ የኢስፋሃን ነፋስ ተነሣ። ደስ አለኝ፤ አሁን ይበልጥ ይቀዘቅዛል አልኩ። ክሩ ተወዛወዘ። ከዚያ ዞረ። ወደ ግንቡ ውስጥ ተሳበና ወደ ላይ ቆመ፤ ወደ ጭስ ማውጫ እንደተጠጋ ክር። ቴርሞሜትሩ ወደ ሠላሳ ስድስት ወጣ። ነስተረን ደብተሯን አስቀምጣ ወደ ጣሪያ ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ነፋሱ በአንዱ አፍ ገብቶ በማዶው ሲወጣ፣ እኛ ያቀዘቀዝነውን አየር ከሥር እየመጠጠ ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ያው ነው። አርባ አንድ ዓመት ቆይቶ ያው ጥፋት መጣ።

ነስተረን ሦስቱ አፎች ላይ እንደ መስኮት የሚዘጋና የሚከፈት ሳንቃ እንሥራ አለች፤ ነፋስ ሲነሣ እንዲዘጋ፣ ሲቆም እንዲከፈት። እንዲህ ብናደርግ ግንቡ ሳይነካ ይቀራል፣ መልኩም አይበላሽም አለች። ያዘነችልኝ መሰለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ለከተማ። እዚህ ግን ደግ ነፋስ አንድ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ ሁለተኛ እንዲነገረኝ አያስፈልግም።

‹‹እደፍናቸዋለሁ›› አልኳት።

‹‹ሦስቱንም?››

‹‹ሦስቱንም።››

አርባብ ይህን ሁሉ ይሰማል። ክሩን መፍተል ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ጭቃ በጭድ አቦካሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ጭቃውን በእግሬ ረገጥኩት። የጭቃ ጡብ በባልዲ ወደ ጣሪያ ሳብኩ፤ ነስተረን ገመዱን ያዘችልኝ። ቱንቢዬን አውጥቼ የመጀመሪያውን ረድፍ ጣልኩ። ያ ግንብ ከአርዳካን መንገድ ይታያል ብያለሁ፤ እኔም ታየሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ግማሽ መንደር ከታች ቆመ። ሉጥፉላህ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደተቀባ መጣ። በመንደሩ ‹የኡስታ ዘቢህ አራት አፍ› የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው።

‹‹ኡስታ›› አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ‹‹ሦስቱ ምን አጥፍተው ነው የምታፍናቸው?››

ሰው ሳቀ። ጡቡን አስተካክዬ በግንበኛ ማንኪያዬ እጀታ መታ መታ አደረግሁት።

‹‹እነሱ ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ›› አልኩት። ‹‹ያን ጊዜ አባቴ ነግሮኝ አልሰማሁም።››

ሳቁ ቆመ። ሉጥፉላህ ከታች ያለውን ባልዲ አንሥቶ ጡብ ሞላበት፣ ገመዱ ላይ አሠረው። ‹‹ሳብ›› አለ። ከዚያ እስከ ሥራ ማብቂያ ድረስ እሱ ነው የሞላልኝ፤ እያንዳንዱን ባልዲ ሲልክ አንድ ነገር ይናገራል፤ ይሄኛው ጡብ ከኔ ዳቦ ይለሰልሳል ይላል፣ ወይም ይሄ ደግሞ ለአማትህ ይሁን ይላል። አማቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ሦስት አፍ በሁለት ቀን ደፈንን። በጭድ ጭቃ ለሰንኩት። ግንቡ አሁን አስቀያሚ ነበር፤ ከሦስት ወገን ዓይኑ የተጨፈነ። እኔ ግን ከሥሩ መራቅ አልቻልኩም።

ውሃውን ለቀቅን። ነፋሱ መጣ። ክሩ ወደ ክፍሉ ዘነበለ፣ ከዚያ ተዘረጋ፣ ከዚያ ተርገበገበ። ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት ተኩል። ነስተረን ሃያ ስምንት ብላ ስትጠራ የራሷን ጽሕፈት ማንበብ አቅቷት ሁለት ጊዜ ተመለከተችው። ውጭው አርባ አራት ነበር። በዓሉ አምስት ቀን ቀርቶታል።

በሁለተኛው ቀን ክፍሉ ሠላሳ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ሠላሳ አራት። ወጥቼ አየሁ። ጨርቆቹ ነጭ ሆነው እንደ ቆርቆሮ ደርቀዋል። የቃናቱ ውሃ ጨው አለው፤ ሁልጊዜም ነበረው። ነፋሱ ውሃውን ጠጥቶ ጨውን ለጨርቁ ይተዋል። ነስተረን ውሃ ለመቆጠብ ጠብታውን ቀንሳው ነበር፤ ሁሉም እንዲተን፣ ገንዳው ውስጥ ምንም እንዳይተርፍ። በዚያ ዓመት ውሃ ለማባከን ማን ይደፍራል? ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጣፋጭ ውሃ በመኪና ከከተማ እናምጣ ወይ አለች። ስንት ቀን እናመጣለን አልኳት። አሁን ሁለት ቀን ቀርቷል።

አርባብ ጎሽታስብ አንዱን ጨርቅ ተቀብሎን በጣቱ ፈተገው፣ ቀመሰውም።

‹‹ይህን እኔ አውቀዋለሁ›› አለ። ‹‹ማሳዬ ነው።››

ከዚያ ነገረን። ጨዋማ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ለመሬቱ ልክ የሚጠጣውን ብቻ ከሰጠ፣ ጨዉ ሥሩ ላይ ይቀመጣል፤ በሦስት ዓመት መሬቱ ይሞታል። ከሚጠጣው ትንሽ ጨምሮ መስጠት ነው፤ ትርፉ ጨዉን አጥቦ ይዞት ይሄዳል። ሰባ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ጠብታውን ጨምሩ አለ፤ ከአራት እጅ አንዱ ተርፎ ገንዳው ውስጥ ይውረድ። የወረደውን ወደ ላይ አትመልሱ። ወደ ሮማኖቼ ልቀቁት፤ ሮማን ጨው ይችላል። ውሃውን ከየት እናመጣለን ሲባል ከራሴ የመስኖ ውሃ ተራ ቀንሱ አለ፤ በሳምንት አንድ ሩብ ሰዓት ለግንቡ።

ነስተረን ደብተሯን አወጣች።

‹‹አርባብ፣ ይህን በስምዎ ልጻፈው?››

‹‹በጨዉ ስም ጻፊው›› አላት። ‹‹ከኔ በፊት የነበረ ነው።››

ጨርቆቹን አውርደን አጠብናቸው፤ እኔ፣ ነስተረን፣ ሉጥፉላህና ሚስቱ። መልሰን ሰቀልናቸው። ጠብታውን ጨመርን። ቀኑን ሙሉ ገንዳው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ሰማን። ሃያ ስምንት። በማግስቱም ሃያ ስምንት።

የቲር በዓል ቀን ሙቀቱ አርባ አምስት ነበር። መርዋሪድ ሌሊት ተነሥታ ነድታ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል። የአባቷን የልብ ትርታ በሩ ላይ ቆማ ቆጠረች። ሻንጣ ይዛ መጥታለች፤ ባዶ ሻንጣ፤ የእሱን ልብስ ልትከትበት። ሲሮግ የተባለውን በሰሊጥ ዘይት የሚጠበስ የበዓል ቂጣ ለአባቷ አቀረበች፤ ክሩንም እጁ ላይ አሠረችለት። ለእኔ እጅ ነሣችኝ፣ ግን ቀዝቀዝ ብላ ነው። ደክመዋል፣ ኡስታ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን አባቴ የሙከራ ዕቃ አይደለም አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ቀትር እስኪሆን ጠብቂ አልኳት።

በስድስት ሰዓት መብራት ጠፋ። የማቀዝቀዣው ጩኸት ቆመ። መንደሩ ዝም አለ። እሷ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ግንባሯን ለማበስ መሐረብ አዘጋጅታ ይዛለች። ገንዳው ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ሰዓት አለፈ። መሐረቡ ደረቅ ነበር። ነስተረን ቴርሞሜትሩን ከፊቷ አድርጋላት ነበር፤ አላየችውም። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ እንቅልፍ ሳይዛት ሰባት ሰዓት የነዳች ሴት ናት፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሻይ በዝግታ ቀዳልን። ስኳሩን እንኳ ሳናሰማ ነው ያነሣነው። ነስተረን ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። እኔ በተቀመጥኩበት ጉልበቴን ጨብጬ ያዝኩ፤ ካልያዝኩት ይነሣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውጭ ድንጋይ በሚግልበት ሰዓት፣ መርዋሪድ በእንቅልፏ መሐል ሻሿን ወደ ትከሻዋ ሳበች፤ እንደሚበርደው ሰው።

ስትነቃ አካባቢውን አየች። ቴርሞሜትሩን አሁን አነበበች። ተነሥታ ቀዳዳው ሥር ቆመች፤ ፀጉሯን ነፋሱ አነሣው።

‹‹ኡስታ ዘቢህ›› አለችኝ፣ ‹‹ይህን ማን ይጠብቀዋል? ጨርቁን ማን ያጥባል? በርሜሉን ማን ይሞላል?››

‹‹እኔ።››

‹‹እርስዎ ሰባ አራት ዓመትዎ ነው።››

‹‹መሰላሉ አሥራ አራት ደረጃ ነው›› አልኳት። ‹‹ዕድሜዬን እስኪያህል ገና ስልሳ ይቀረዋል።››

ሳቀች። ሉጥፉላህም እንደሚረዳኝ ነገርኳት፤ ነስተረንም በየወሩ እየመጣች እንደምትለካ። መርዋሪድ ባዶውን ሻንጣ አየችው፤ ከእግሯ አጠገብ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችው። ‹‹እስከ መህር ወር ይቆይ›› አለች። ‹‹እስኪበርድ ድረስ።››

‹‹በመህር ሮማን ይደርሳል›› አለ አባቷ። ‹‹ያን ጊዜም አልሄድም።››

‹‹ያን ጊዜ እንነጋገራለን፣ ባባ።››

‹‹እዚሁ እንነጋገራለን። ይቀዘቅዛል።››

እሷና ነስተረን ጣሪያውን ለማየት ወጡ። እኔና አርባብ ብቻችንን ቀረን። አርባ አንድ ዓመት አፌ ላይ ሲመላለስ የነበረ ነገር ነበረኝ፤ ሲመጣ አጭር ሆነ።

‹‹አርባብ፣ ያስቀረሁብዎትን አመጣሁ።››

እጁን ወደ ቀዳዳው ዘረጋ። ነፋሱ የሸሚዙን እጅጌ ነፋው። ምንጣፉን፣ ገንዳውን፣ ግድግዳውን አየ፤ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው አንድ በአንድ።

‹‹ያኔ የሠራኸው መጥፎ ነበር›› አለ።

ይህን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስጠብቀው እንደኖርኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

‹‹መጥፎ ነበር›› አልኩት።

‹‹ያሁኑ ጥሩ ነው›› አለ። ‹‹ተቀብያለሁ። ዕዳ የለብህም።››

አመስግኜው ሻዬን ጨረስኩ።